እንቁላሉን ማን በላው?

ባለፈው ፋሲካ የሳልኳትን አንዷን ካርቱን ልንገራችሁ። አራት ሳጥን ናት። አንደኛው ላይ ቤተሰቡ ትሪ ከቦ ተቀምጧል፣ ዶሮ ወጡ ተበልቶ ተበልቶ መሃል ላይ አንድ እንቁላል ብቻ ቀርቷል። ሁሉም እንቁላሉን ያያል፣ እጁን የሚዘረጋ ግን የለም። ይሉኝታ። ሁለተኛው ሳጥን ጥቁር ነው፣ መብራት ሄዷል፣ ጨለማው ውስጥ አምስት ጥንድ አይን ፈጥጦ ይታያል። ሦስተኛውም ጥቁር ነው፣ አይኖቹ ግን አራት ጥንድ ሆነዋል። አራተኛው ላይ መብራት መጣ። እንቁላሉ የለም። ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል፣ አያትየው ብቻ መቁጠሪያቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ወደ ጣሪያው አንጋጠዋል። ግራ ጉንጫቸው ኳስ አክሏል።

አንድም ቃል የለባትም። እስካሁን ከሳልኳቸው ሁሉ ሰው የወደደልኝ እሷን ነው። የሚያናድደው ደግሞ ከሁሉም ቶሎ ያለቀችውም እሷ ናት፣ ግማሿ ጥቁር ቀለም ነዋ! ሦስት ሌሊት አምሽቼ የመርካቶን ግርግር ከነተሸካሚው፣ ከነጋሪው፣ ከነሌባው የሳልኩትን ግን አይተው "አሪፍ ነው" ብለው አለፉት። "አሪፍ ነው" ማለት አልሳቅኩም ማለት ነው፣ አውቃታለሁ።

እኔ ሰዓሊ አይደለሁም። ቀን ቀን ሂሳብ እሠራለሁ፣ ማታ እራት ከተበላ በኋላ ጠረጴዛውን ጠራርጌ እስላለሁ። ከታናሽ እህቴ ጋር ተከራይተን ነው የምንኖረው፣ ስለዚህ የስዕል ክፍል ምናምን የሚባል ነገር የለም። ዕቃዬ ኤ ፎር ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም ጥቁር ማርከር ነው። ስካነር የለኝም። ጠዋት መስኮት ስር አስቀምጬ በስልክ ነው የማነሳው፣ ምክንያቱም ማታ በአምፖል ካነሳሁት ወረቀቱ የሻይ ቀለም ይይዛል። እጅ መሳል አልችልም። ለዚህም ነው የኔ ሰዎች ሁሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ እጃቸውን ኪሳቸው ወይም ነጠላቸው ውስጥ ከተው የሚሄዱት። አንድ ጓደኛዬ "ሰዎችህ ሁሉ ይበርዳቸዋል?" ብሎኛል።

ካርቱን መውደድ የጀመርኩት አራት ኪሎ ነው። ያኔ ጋዜጣ በኪራይ ይነበብ ነበር። አባቴ ጋዜጣውን ከአዟሪው ይከራይና ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ያነባል፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ካርቱን ያለበት ገጽ እስኪደርስ እጠብቃለሁ። ኪራይ ስለሆነ ቶሎ ይመለሳል፣ ተረጋግቶ ማየት የለም። አባቴ ለአንዳንዱ ካርቱን ከት ብሎ ይስቅና "ምንድነው?" ስለው "ስታድግ ይገባሃል" ይለኛል። አደግኩ፣ ገባኝ፣ የፖለቲካ ካርቱን ነበር። አሁንም ለሚሠሩት ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ፣ ግን የፖለቲካ ካርቱን የሚያስቀው የሳምንቱን ወሬ ለሚያውቅ ነው፣ ወሬው ሲያረጅ እሱም አብሮ ያረጃል። እኔ የምፈልገው ያንን ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ልጅ የሚያስቀውን ነው። እንቁላልና መብራት መሄድ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም።

እዚህ ለመድረስ ግን ብዙ አውርቻለሁ። ማለቴ፣ በስዕል ላይ ብዙ አውርቻለሁ። መጀመሪያ አካባቢ አንድ የታክሲ ሳልኩ። ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል፣ ሰው ይጠጋል። "አንድ ሰው ነው፣ ጠጋ በሉለት" ይላል፣ ይጠጋል። እንደገና ይላል፣ እንደገና ይጠጋል። መጨረሻው ላይ ሰዉ ተጠጋግቶ ተጠጋግቶ ሹፌሩ በመስኮት ወጥቶ ውጭ ተንጠልጥሏል፣ መሪው ላይ ዘንቢል ያቀፉ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ለሹፌሩ "እኔም ተጠጋሁ፣ አሁን ማን ሊነዳው ነው?" የሚል ሰጠሁት፣ ለእናትየው "ልጄ፣ መንጃ ፈቃድ የለኝም" ሰጠኋቸው፣ ኋላ ወንበር ላይ ያለው ደግሞ ስለ ሰርዲን አንድ ነገር ተናገረ። አስራ አንድ የንግግር ፊኛ! ለእህቴ አሳየኋት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እስከ መጨረሻው አነበበችና ስልኩን መለሰችልኝ።

"ጥሩ ጽሑፍ ነው" አለች።

"ስዕሉስ?"

"ስዕል አለው እንዴ?"

ሁለት ቀን አኮረፍኳት። ከዚያ ላጲሱን አንስቼ አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ። ሰርዲኑ ጠፋ። መንጃ ፈቃዱ ጠፋ፣ እሱን ሳጠፋ አሞኛል፣ ምክንያቱም ወድጄው ነበር። በመጨረሻ የቀረው የረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ብቻ ሆነ፣ ሦስቱም ሳጥን ላይ አንድ አይነት፣ አራተኛው ላይ ምንም። እህቴ ሳቀች። ሳትፈልግ ነው የሳቀችው፣ እሱ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላል።

ጥፋቱ የኔ ብቻ አይመስለኝም። እኛ ቀልድ የለመድነው በአፍ ነው። ጨዋታ አዋቂ የምንለው ሰው ቃል የሚገለብጥ፣ ህብረ ቃል የሚያገኝ፣ መልስ የማያጣ ነው። የአለቃ ገብረ ሃና ተብለው የሚነገሩትን አስቧቸው፣ አብዛኞቹ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣችሁ ብትሰሟቸውም ያስቃሉ። እስቲ ያቺን ሁላችሁም የምታውቋትን ሳሏት። አለቃ መንገድ ላይ አህያ የምትነዳ ሴት ያገኛሉ። "እንዴት አደርሽ፣ የአህዮች እናት?" ይሏታል። "ደህና፣ እንዴት አደርክ ልጄ" ትላለች። ስዕሏ ምን ይሆናል? ቆሞ የሚያወራ ወንድ፣ ቆማ የምታወራ ሴት፣ አህያ። ስዕሉ እዚያ ቆሞ ከማየት ሌላ ሥራ የለውም።

ለረጅም ጊዜ አቅቶኝ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ሌላ ሳጥን ጨመርኩባት። ሴትየዋ አልፋ ሄዳለች። አለቃ እንደ ደረቁ ቆመዋል። ከአህዮቹ አንዱ ከመንጋው ተለይቶ ተመልሷል፣ የጠፋ ወንድሙን እንዳገኘ ሰው አንገቱን ትከሻቸው ላይ ጥሏል። በቃ። ቃሉ ሥራውን ጨረሰ፣ ከዚያ ስዕሉ የራሱን ቀልድ ይዞ መጣ። ጓደኞቼ ስለ መልሷ ምንም አላሉም፣ እሷን ያውቋታል። ስለ አህያው ግን ደውለው ነገሩኝ።

የእንቁላሏን ነገር ደግሞ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ አያትየው እንቁላሉን ሲያነሱ የትም ቦታ አልሳልኩም። እጃቸው የለም (እጅ መሳል ስለማልችልም ጭምር ነው፣ አልዋሽም)። ሦስተኛው ሳጥን ላይ አንድ ጥንድ አይን ተጨፍኗል፣ አራተኛው ላይ ጉንጭ አብጧል። መሃላቸው ያለው ነጭ ክፍተት ከጣት አይሰፋም፣ ሥራው ሁሉ ግን እዚያ ነው ያለቀው። አያትየውን ያጎረሳቸው አንባቢው ራሱ ነው። ለዚህ መሰለኝ የሚስቀው፣ ወንጀሉ ውስጥ እሱም አለበት።

አሁን አንድ ምስጢር። ግራኝ ነኝ። ከግራ ወደ ቀኝ በማርከር ስሄድ መዳፌ ገና ያልደረቀውን ቀለም ይጠርገዋል፣ የመጀመሪያዎቹ ስዕሎቼ ሁሉ ጭስ ውስጥ ያሉ ይመስሉ ነበር። መፍትሔው ከቀኝ መጀመር ሆነ። ስለዚህ በእርሳስ ሁሉንም ከነደፍኩ በኋላ ማርከር የማስነካው አራተኛውን ሳጥን ቀድሜ ነው፣ ከዚያ ወደ ኋላ ወደ አንደኛው። ለእጄ ብዬ የጀመርኩት ነገር ለቀልዱም ጠቀመው። መጨረሻውን ብቻውን ወረቀት ላይ ታየዋለህ። አያት፣ ጉንጭ፣ ጣሪያ። ብቻውን ትንሽ እንኳን ካላሳቀኝ የቀሩትን ሦስቱን ለመቀባት አልደክምም፣ ወረቀቱን ገልብጬ የአስቤዛ ዝርዝር እጽፍበታለሁ። ቤታችን ውስጥ ብዙ የአስቤዛ ዝርዝር አለ።

ጽሑፍ ግድ ሲሆን ደግሞ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። ፊኛውን መጀመሪያ ስላችሁ ቃሉን ኋላ ለመክተት እንዳትሞክሩ፣ አይገባም። ቃሉን ቀድማችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ፊኛውን ዙሪያውን አዙሩበት። ፊደላችን ሰፊ ነው፣ ቃላችን ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተሸክሞ ነው የሚሄደው። "አልመለስንላቸውም" አንድ ቃል ነው፣ ግን አስር ፊደል አለው። ጠባብ ፊኛ ውስጥ ከመሃል ከቆረጣችሁት አንባቢው "አልመለስን" ላይ ቆሞ "የት ሄዳችሁ ነበር?" ይላል። እኔ አሁን እንደዚህ አይነት ቃል ሲመጣ ሰውዬው ራሱን እንዲነቀንቅ ብቻ አደርገዋለሁ።

ድምፅ ላይ ግን የኛን የሚያህል የለም። መጀመሪያ ላይ ከውጭ ኮሚክ የለመድኩትን "ባንግ" እና "ቡም" በፊደላችን እጽፍ ነበር፣ ሳስበው ያሳፍረኛል። እኛ ቤት በር ጓ ነው የሚለው። ጥፊ ጧ ይላል። ደክሞት የገባ ሰው ሶፋ ላይ ዘፍ ይላል፣ ድመት ቱር ትላለች፣ የደነገጠ ክው ይላል። ድምፅ የሌለው ነገር እንኳን ጭጭ ይላል! ከሁሉም የምወደው "ከች" ነው። ከች የምን ድምፅ ነው? የምንም። ያልተጋበዘ እንግዳ ሲመጣ ምንም ነገር ከች ብሎ አይሰማም። ግን በር ላይ የቆመ ሻንጣ የያዘ አጎት ስላችሁ ከጭንቅላቱ በላይ በወፍራም ማርከር "ከች" ብትሉ ስንት ቀን ሊቆይ እንደመጣ ሁሉ ይታወቃል።

ትእምርተ ስላቅስ ትዝ ይላችኋል? ትምህርት ቤት ሥርዓተ ነጥብ ስንሸመድድ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ እያልን መጨረሻ አካባቢ የምትመጣው፣ የተገለበጠ ቃለ አጋኖ የምትመስለዋ (¡)። ስፓኒሾች ምልክቷን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ነው የሚያስገቧት፣ ለሌላ ሥራ። እኛ መጨረሻ ላይ አድርገን "ይሄን ያልኩት የምሬን አይደለም" እንልባታለን። ለፈተና ሸምድጃት ስለነበር የምትጠቅም ነገር አትመስለኝም ነበር፣ ካርቱን ስጀምር ግን ለካ ለኔ ነው የተሠራችው። "አከራያችን እንዴት ደግ ናቸው¡" ብዬ የጻፍኩ ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠራ አድርጎኝ ቃለ አጋኖዬ እንደተገለበጠ በትህትና ነገረኝ። አመሰገንኩት¡

ሰው "ኮሚክ የውጭ ነገር ነው" ሲለኝ አንዳንዴ ይዤው የስጦታ ዕቃ ቤት መሄድ ያምረኛል። እዚያ የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርከውን ስዕል አይታችሁታል። በትንንሽ ሳጥን የተከፋፈለ ነው፣ ብዙውን ጊዜ 44 ሳጥን፣ ከላይ ከግራ ተጀምሮ ወደ ቀኝ እንደ መጽሐፍ ይነበባል። ዘንዶው አለ፣ ጉዞው አለ፣ የምኒልክ መወለድ አለ። እኔ ግን ሁልጊዜ የምቆመው ግብሩና ሌሊቱ ጋ ነው። ሰለሞን ቅመም የበዛበት ምግብ ያበላታል፣ ከቤቱ ምንም ላትወስድ ታምልለታለች። ሌሊት ይጠማታል። ውሃው ተቀምጧል። ንጉሡ የተኛ መስሎ ያደባል። ልታነሳ ስትል እጅ ከፍንጅ! መሐላው ቀድሞ ሳጥን ላይ፣ ጥሙ ሌላ ሳጥን ላይ፣ መያዙ ሌላ ሳጥን ላይ። ይሄ እኮ የቀልድ አሠራር ነው። ጨለማ፣ የሚበላ የሚጠጣ ነገር፣ የተጨፈነ አይን... እንቁላሌን ከዚያ ሳልሰርቃት አልቀርም።

ከእነዚያ ሰዓሊዎች ሌላም ነገር ወስጃለሁ። በባህላዊ ስዕላችን ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሳላል፣ ሁለት አይኑ ይታያል። ክፉ ሰው ወደ ጎን ዞሮ ነው የሚሳለው፣ አይኑ አንድ ነው። የመጨረሻው እራት ላይ ይሁዳን ፈልጉት፣ አንድ አይን ነው። የአድዋ ስዕል ላይም የኛ ሰው ባለ ሁለት አይን፣ ጠላት ባለ አንድ። አስቡት፣ አንድም ቃል ሳይጻፍ ማን ማን እንደሆነ ካራት ሜትር ርቀት ታውቃላችሁ። እኔም በካርቱኔ ውስጥ ያሉትን አከራይ ሁልጊዜ ወደ ጎን ነው የምስላቸው። ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ከውጭዎቹ የምወደው ቻርልስ ሹልዝን ነው፣ ስኑፒን የሳለውን። ስኑፒን ቦርሳና ቲሸርት ላይ የምታውቁት ትኖራላችሁ፣ ሰውየው ግን ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1950 ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ድረስ 17,897 ስትሪፕ (እንደኔዋ በሳጥን የተደረደረ ካርቱን) ስሏል፣ ረዳት ሳይቀጥር። የመጨረሻዋ እሁድ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2000 ጋዜጣ ላይ ወጣች፣ እሱ ቀደም ባለው ምሽት አርፎ ነበር። የኔ እስካሁን 63 ናቸው፣ አስቤዛ የተጻፈባቸውን ሳልቆጥር። ከሱ የተማርኩት ዝም ያለችውን ሳጥን ነው። ሁለት ልጆች ግንብ ተደግፈው ይቆማሉ፣ አንዱ ይናገራል፣ ቀጣዩ ሳጥን ላይ ማንም ምንም አይልም፣ ሁለቱም ፊት ለፊት ያያሉ። ያ ዝምታ ባይኖር የሚቀጥለው መልስ አያስቅም። በስተርጅና እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ መስመሩ ላይ ይታያል፣ ይወዛወዛል። እኔ ደግሞ በሠላሳዎቹ ሆኜ መስመሬ ይወዛወዛል፣ ያውም በጤናዬ፣ ግን የሱን ሳይ ተስፋ አልቆርጥም።

ቢል ዋተርሰን የሚባለው ደግሞ ልጁንና የአሻንጉሊት ነብሩን አስር ዓመት ስሎ፣ ዝናው ጣራ በነካበት በእ.ኤ.አ. 1995 መጨረሻ በቃኝ ብሎ አቆመ። አሻንጉሊትና ቲሸርት እናምርት ሲሉትም እንቢ አለ። አከብረዋለሁ። እኔን ግን ማንም ቢጠይቀኝ ያቺን ትከሻ ላይ የተኛች አህያ በቲሸርት ዛሬውኑ እሸጣታለሁ።

ወደ አከራዬ ልመለስ። በካርቱኑ ያሉት አከራይ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ "ከች" ይላሉ፣ ባለ አንድ አይን፣ ነጠላ የለበሱ። የዛሬ ዓመት ለእንቁጣጣሽ እውነተኛዋ አከራያችን ኪራይ ይጨምራሉ ብለን ክው ብለን ስንጠብቅ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ፣ የጭማሪ ነገር አላነሱም። በዚያ ሳምንት የሳልኩት ላይ ሁለት አይን ሰጠኋቸው። ልብ ያለችው እህቴ ብቻ ናት። በኅዳር ጨመሩ። አይናቸው ወደ አንድ ተመለሰ።

ባለፈው ቅዳሜ በሩ ጓ ጓ አለ። ስከፍት እሳቸው ናቸው፣ የእህታቸው ልጅ ስልክ በእጃቸው ነው። ሆዴ ቡጭ ቡጭ አለ።

"አንተ ልጅ፣ ይቺ እኔ ነኝ?"

"ኧረ እትዬ፣ ፈጠራ ነው፣ ዝም ብሎ ፈጠራ።"

ስክሪኑን በሁለት ጣታቸው አሰፉት። "ነጠላው የኔ ነው። በሩም የኔ በር ነው።" ሳቃቸውን ለመያዝ እየታገሉ እንደሆነ ያየሁ መሰለኝ፣ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። ገብተው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። "ሌላኛው አይኔስ?"

"ወደ ጎን ስለዞሩ ነው እትዬ። አይታይም።"

ዝም አሉ። ልክ እንደዚያች ዝም እንዳለችው ሳጥን። እህቴ ወጥ ቤት ገብታ ሳቋን ሻሽ ውስጥ እየቀበረች ነው። እትዬ ስልኩን ወደ ላይ ወደ ላይ ገፉት፣ ታክሲውን አለፉ፣ አህያውን አለፉ፣ እንቁላሏ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጨለማዎቹን ሳጥኖች አይናቸውን አጥብበው አዩዋቸው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"እንቁላል የበላችዋስ አሮጊት፣ እሷም እኔ ነኝ?"

"አይደሉም እትዬ፣ እውነቴን ነው።"

"እሷን ብሆን ይሻለኝ ነበር" አሉ አይናቸውን እየጠረጉ፣ "ሁለት አይን አላት።"